ከጆሮ ግንድ ሥር ያለው እብጠት፦ ነርቩን ፈልጎ የሚጀምር እጅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ታላቅ ወንድሜ 46 ዓመቱ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ከግራ ጆሮው ሥር፣ ከመንጋጋው ኋላ እብጠት ከወጣበት 6 ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ሽምብራ ታክል ነበር፤ አሁን የዶሮ እንቁላል ልታክል ምንም አልቀራት። አያመውም። በመርፌ ተወስዶ ሲመረመር ‹ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ነው፣ ካንሰር አይደለም› የሚል ወረቀት ሰጡን። የሪፈራል ሆስፒታሉ ሐኪም ‹በሙሉ ሰመመን ከ2 እስከ 3 ሰዓት የሚፈጅ ቀዶ ጥገና ነው፤ ፊት ሊጣመም ይችላል፤ ፈርም› ሲለው ደንግጦ ጥሎ ወጣ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ‹በአካባቢ ማደንዘዣ በግማሽ ሰዓት እብጠቱን ብቻ ፈልቅቀን እናወጣዋለን፤ ነርቭ አንነካም› አሉን። ዘመድ መሬት ሸጣችሁ ሕንድ ውሰዱት ይላል። እናታችን ‹ቢላ የነካው እብጠት ይቆጣል፣ ተዉት› ትላለች። ካንሰር ካልሆነ ለምን ይነካል? የቱንስ እንመን?»

እህቴ፣ ከአራቱ ምክሮች ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው፤ ያ ወንድምዎን ያስደነገጣቸው። በጣም የሚያሰጋኝ ደግሞ ከሁሉም ቀላል መስሎ የቀረበው የግማሽ ሰዓቱ ነው። ነገሩ ግር እንደሚል አውቃለሁ። ረጅሙና ፊርማ የሚጠይቀው ቀዶ ጥገና ለፊት ይሻላል፣ አጭሩ ነው አደገኛው ሲባል ማን ያምናል? ስለዚህ ምክንያቱን ከሥሩ ላስረዳ። ወንድምዎ የወጡት ፈሪ ሆነው አይመስለኝም። አደጋው ተነገራቸው እንጂ አደጋው ከምን እንደሚመጣና ሐኪሙ በምን እንደሚከላከለው አልተነገራቸውም። ወንድምዎን በእጄ አልዳሰስኳቸውም፤ የምጽፈው በወረቀቱና እርስዎ በገለጹልኝ ላይ ተመሥርቼ ነው።

በቅድሚያ ቋንቋችን ያመጣብንን መደናገር ላጥራ። ምራቅ፣ ላብና እንባ የሚያመነጨውን ጤነኛ አካል «እጢ» እንላለን፤ ያለቦታው ያደገውንም «እጢ ወጣበት» እንላለን። «ነቀርሳ»ም እንዲሁ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ነው፣ በሌላ ቦታ ካንሰር ነው። ታካሚ ገብቶ «እጢዬ ነቀርሳ ነው ተባልኩ» ሲለኝ ወረቀቱን ሳላነብ የቱ እንደሆነ ማወቅ አልችልም። ቲቢ ከሆነ በመድኃኒት ይድናል፣ ቢላ አያሻውም። የወንድምዎ ግን ያበጠው የምራቅ እጢ ነው፣ በላዩ ላይ ያደገውም ካንሰር ያልሆነ ዕድገት ነው። ሁለቱን ለይተው ይያዙልኝ።

ያ የምራቅ እጢ ፓሮቲድ ይባላል። ከጆሮ ፊት ጀምሮ መንጋጋ አጥንት ላይ ተንተርሶ እስከ ጆሮ ግንድ ድረስ ይወርዳል፤ በቀኝም በግራም አለ። ሁለተኛው ጥንድ ከመንጋጋ ሥር ነው፣ ሦስተኛው ከምላስ ሥር። ከእነዚህ ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭ ውስጥና በላንቃ ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ጥቃቅን የምራቅ እጢዎች ተበትነዋል። እኛ የምንመራበት አንድ መለኪያ አለ፦ እጢው ባነሰ ቁጥር የሚወጣበት እብጠት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ፓሮቲድ ላይ ከሚወጡ 100 እብጠቶች 80 ያህሉ ካንሰር አይደሉም። ከመንጋጋ ሥር ባለው እጢ ላይ ግን ወደ ግማሽ በግማሽ ይጠጋል። ከምላስ ሥርና ከላንቃ የሚወጡት ካንሰር የመሆናቸው ዕድል ካለመሆናቸው ይበልጣል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ላንቃው ላይ የማያም ጠጣር እብጠት ካለበት፣ «የጥርስ መግል ነው» ተብሎ እንዲበጣ አይፍቀድ፤ መጀመሪያ ይመርመር።

«ጆሮ ደግፍ አይሆንም ወይ?» የሚሉኝም ብዙ ናቸው። ጆሮ ደግፍ በቫይረስ ይመጣል፤ በቀናት ውስጥ ያብጣል፣ ያማል፣ ያተኩሳል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ስድስት ዓመት አይቆይም። ምግብ ሲቀርብ አብጦ ኋላ የሚጎድል ከሆነ ብዙ ጊዜ የምራቅ ቱቦ ጠጠር ነው። በሁለቱም በኩል ለስላሳ ሆኖ ቀስ እያለ ያበጠ ከሆነ ደግሞ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ቫይረሱ በዚህ እጢ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ያመጣልና።

አሁን ወደ «ካንሰር ካልሆነ ለምን ይነካል?» ልምጣ። ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ በምራቅ እጢ ላይ ከሚወጡት ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አያምም፣ ሰውን አያስቸኩልም። ችግሩ ማደጉን የማያቆም መሆኑ ነው። በመድኃኒት አይከስምም፣ በቅባት አይሟሟም፣ በመተኮስም አይሞትም። ተተኩሰው፣ ቆዳቸው ተጣብቆና ቆስሎ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ እብጠቱ ከጠባሳው ሥር እንደነበረ ነው፣ የእኛ ሥራ ብቻ ከበደ። ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ካንሰር ያልሆነው ይህ ዕድገት ዘመን በቆጠረ ቁጥር ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በብዙ የሕክምና መጻሕፍት የሚጠቀሰው ግምት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከ100 ሰው 1 ወይም 2፣ ከ15 ዓመት በኋላ ግን ከ100 ወደ 10 የሚጠጋ ነው። ወንድምዎ 46 ናቸው፣ ገና ብዙ ዘመን ከፊታቸው አለ። የ85 ዓመት የልብ ሕመምተኛ አዛውንት ቢሆኑ «እየተከታተልን እንቆይ» ልል እችል ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልልም።

ፓሮቲድን ከሌሎቹ የሚለየው የፊት ነርቭ በመሐሉ ሰንጥቆት ማለፉ ነው። ነርቩ ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ሥር ከአንዲት ቀዳዳ ይወጣና እጢው ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፣ ከዚያ አምስት ዋና ቅርንጫፎች ሆኖ ይዘረጋል። ላይኛው ቅንድብን ያነሣል፣ ሁለተኛው ዓይንን ይከድናል፣ ሦስተኛው ጉንጭንና የላይኛውን ከንፈር ያንቀሳቅሳል፣ አራተኛው የታችኛውን ከንፈር ጥግ ወደ ታች ይስባል፣ አምስተኛው ወደ አንገት ይወርዳል። የጥንት የአካል ጥናት ሊቃውንት ይህን መዘርጋት «የዝይ እግር» ብለው ሰይመውታል። ግንዱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቢወፍር ነው፤ ዳር ያሉት ቅርንጫፎች የልብስ ስፌት ክር ያህላሉ። የሰው ፈገግታ፣ ጥቅሻው፣ ቁጣው ሁሉ በዚህች ክር ላይ ተንጠልጥሏል።

እብጠቱ ያለው ከዚህ ነርቭ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ሥሩ ነው፣ አንዳንዴ ተጠግቶት ነው። ታዲያ «ነርቭ አንነካም» ማለት ምን ማለት ነው? ሲፈታ «ነርቩን አናየውም» ማለት ነው። መንገድ ቆፋሪዎች የውሃው መስመር የት እንደሚያልፍ ሳያውቁ ሲቆፍሩ ሰፈሩ ስንት ቀን ውሃ እንደሚያጣ ሁላችንም እናውቃለን። ነርቩን ማዳን የሚችለው ነርቩን አስቀድሞ ፈልጎ ያገኘ ሐኪም ነው።

ያ ብቻ አይደለም። ይህ እብጠት ሲዳሰስ ድቡልቡል፣ በከረጢት የተጠቀለለ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ከረጢቱ አንድ ቦታ ይሳሳል፣ ሌላ ቦታ ጭራሽ የለም፤ በዚያ በኩል እብጠቱ ጣት ጣት የሚመስሉ ቡቃያዎችን ወደ ጤነኛው እጢ ይልካል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ድንች ሲለቀም ትልልቁ ይወጣል፣ ማሳው ባዶ ይመስላል፤ አፈር ውስጥ የቀረችው ጣት የምታክል ድንች ግን ክረምት ሲገባ ማንም ሳይዘራት ትበቅላለች። እብጠቱን ፈልቅቆ ማውጣት እንዲሁ ነው። ከረጢቱ ሲላጥ ቡቃያዎቹ ይቀራሉ፤ ከተቀደደ ደግሞ ውስጡ ያለው ሙጫ መሰል ነገር ቁስሉ ውስጥ ይረጫል። ፍልቀቃ በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድም እ.ኤ.አ. እስከ 1940ዎቹ ድረስ የተለመደ ነበር። የተዉት ከ100 ሰው ከ20 እስከ 45 በሚሆኑት ላይ እየተመለሰ ስላስቸገራቸው ነው። ነርቩ ተገልጦ፣ እብጠቱ ከዙሪያው ካለው ጤነኛ የእጢ ሥጋ ጋር ሲወጣ ግን የሚመለስበት ከ100 ከ1 እስከ 4 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እናትዎን ላንሣ። «ቢላ የነካው እብጠት ይቆጣል» የሚለውን አባባል እኛ ሐኪሞች ቶሎ እናጣጥለዋለን፤ እኔ አላጣጥለውም። አባባሉ ከባዶ አልመጣም። እናቶቻችን ተነክተው፣ ተቦጭቀው፣ ሳይጸዱ የተዘጉ እብጠቶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዝተው ሲመለሱ አይተዋል። ያዩት እውነት ነው። የሚቆጣው ግን ግማሹ ቀርቶ ግማሹ የወጣ እብጠት ነው። ለእናትዎ ይህንኑ ይንገሯቸው፦ «ልክ ነሽ እማዬ፣ በከፊል ከሚነካ ባይነካ ይሻላል፤ ከተነካ ግን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይውጣ።»

ከዓመታት በፊት ያከምኳቸው አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ቦታ በአካባቢ ማደንዘዣ እብጠታቸው ተፈልቅቆ ወጥቷል። ከጆሯቸው ሥር የቀረው ጠባሳ ሁለት ጣት አይሞላም፤ አምሮ የተሰፋ ነበር። ጠባሳውን በጣቴ ስዳስሰው ግን ከቆዳቸው ሥር ምስር የተበተነ ይመስል ነበር፤ አንዱ ከጆሮው ፊት፣ ሦስቱ ከጠባሳው ሥር፣ ሌላው ወደ አንገት ወርዶ። ቀዶ ጥገናው ከ6 ሰዓት በላይ ፈጀ። ጠባሳና ነርቭ ሲጣበቁ ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ይጠነክራሉ፤ በማጉያ መነጽር እያየሁ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ነው የሄድኩት። አራቱን ቅርንጫፎች አዳንኩ። ወደ ታችኛው ከንፈር የሚሄደው ግን በምስሮቹ መሐል ተቀብሮ ስለነበር ከእነርሱ ጋር ወጣ። ዛሬ ሲስቁ በዚያ በኩል የታችኛው ከንፈራቸው አይወርድም። ያሳዘነኝ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን የወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ሳይላክ ተጥሎ መቅረቱ ነው፤ ምን እንደነበር የሚናገር ወረቀት አልነበረም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ዋናው ነው የምለው። ሁለተኛው በማንም እጅ ቢሆን የመጀመሪያውን ያህል ንጹሕ መስክ አያገኝም።

ወንድምዎ የሚጠብቃቸውን በቅርበት ላሳያቸው። አስቀድሞ አልትራሳውንድ ይታያል፤ እብጠቱ ትልቅ፣ የማይነቃነቅ ወይም ወደ ጉሮሮ የጠለቀ ከመሰለ ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ይጨመራል። የመርፌው ምርመራ ተደርጎላቸዋል፤ ቀጭን መርፌ ስለሆነች እብጠቱን ትበትናለች ብለው አይስጉ። መበተን የሚመጣው እብጠቱ በቢላ ተከፍቶ ናሙና ሲወሰድ ነው፤ ያንን በፓሮቲድ ላይ አናደርግም።

ሰመመኑ ሙሉ ነው። የሰመመን ባለሙያው መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ጡንቻ አዝናኝ መድኃኒት ነርቩን በምንፈልግበት ሰዓት ሥራው ያለፈ እንዲሆን እንነጋገራለን፤ ጡንቻ ከተኛ ነርቩ ሲነካ ፊቱ አይነግረንም። በዚሁ ምክንያት የግራ ዓይናቸውና የግራ አፋቸው ጥግ በጨርቅ አይሸፈንም። አንድ ረዳት ሥራው ያንን ፊት ማየት ነው፤ ቅንድቡ ወይም ከንፈሩ ብልጭ ካለ «ነቃ!» ይለኛል፣ እጄን አቆማለሁ። አንዳንድ ሆስፒታል ይህን የሚያደርግ የነርቭ መቆጣጠሪያ መሣሪያ አለ። ካለ መልካም ነው። ከሌለ ግን «መሣሪያ የለም» ተብሎ ቀዶ ጥገናው አይቀርም፤ ነርቭ የሚያገኘው አካሉን የሚያውቅ ሐኪም ነው።

ቁርጡ ከጆሮ ፊት፣ ጆሮና ጉንጭ ከሚገናኙበት እጥፋት ይጀምራል፤ በጆሮ ጉትቻ ማድረጊያ ሥር ዞሮ ወደ አንገት ተፈጥሯዊ ሽብሽብ ይገባል። ቆዳው ሲገለጥ እጢው ቢጫማ፣ ፍርፍር የሚል ሆኖ ይታያል። እብጠቱን ለጊዜው እንተወዋለን። ሦስት ምልክቶችን ተከትለን እንገባለን፦ የጆሮው ለስላሳ አጥንት ጫፍ፣ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንትና በጆሮው ቀዳዳ አጥንት መሐል ያለው ስፌት፣ እና ከመንጋጋ ኋላ የሚወርድ አንድ ጡንቻ። ሦስቱ በሚገናኙበት፣ ከለስላሳው አጥንት ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብሎ ነርቩ አለ። ሲገኝ ያንጸባርቃል፤ እንደ ዕንቁ ነጭ ነው። ስንት ዓመት ሠርቼ ያቺን ነጭ መስመር ባየሁ ቁጥር ትንፋሼ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፎቹን እየተከተልን ከላያቸው ያለውን እጢ ከነእብጠቱ እናነሣዋለን። እብጠቱ ከነርቩ ሥር ከሆነ ነርቩን በቀስታ አንሥተን ከሥሩ እናወጣዋለን።

እብጠቱ ትንሽ፣ ላይ ላይ ያለና የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ልምድ ያለው ሐኪም ከዙሪያው ስስ ጤነኛ ሥጋ ብቻ አብሮ ይዞ በጠባቡ ሊያወጣው ይችላል፤ እሱም የታወቀ ዘዴ ነው። ያ ከፍልቀቃ ይለያል፤ በሙሉ ሰመመን ይሠራል፣ ከረጢቱ አይነካም፣ ነርቭ ብቅ ካለም መያዝ የሚችል እጅ ነው የሚሠራው። እንቁላል ላከለ እብጠት ግን እኔ ነርቩን ፈልጌ ብጀምር እመርጣለሁ።

አሁን ወደ አስፈሪው ቃል፣ ወደ «ፊት ይጣመማል»። ሁለት ዓይነት ነው፣ ሐኪሙ ለይቶ ሊነግራቸው ይገባ ነበር። ነርቩ ሳይቆረጥ ሲነካና ሲሳብ ብቻ ይደክማል፤ ይህ ጊዜያዊ ነው። ከ100 ታካሚ ከ20 እስከ 40 በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፣ በተለይ የታችኛው ከንፈር። ከሳምንታት እስከ 6 ወር ውስጥ ይመለሳል። የማይመለሰው ዓይነት ካንሰር ባልሆነ እብጠትና በመጀመሪያ ቀዶ ጥገና ላይ ከ100 ከ4 አይበልጥም፤ በሠለጠነ እጅ ከዚያም ያንሳል። ዓይን ለጊዜው አልከደን ካለ ቀን የእንባ ጠብታ፣ ሌሊት ቅባትና በፕላስተር ክድን ማድረግ የግድ ነው። ከንፈሩን ታግሶ መጠበቅ ይቻላል፤ የዓይን መስታወት የሚባለው የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ግን ከደረቀ ይቆስላል። በዚህ ነገር ቤተሰቡ ሁሉ ይተባበር።

ፊርማውንም ላስረዳ። ብዙ ሰው «ፈርም» ሲባል ሐኪሙ ከደሙ እጁን እየታጠበ ይመስለዋል። ፊርማው የሐኪሙን ኃላፊነት አያነሣም። የሚያረጋግጠው ስለ አደጋው ተነግሮት፣ ጠይቆ፣ ተስማምቶ መግባቱን ነው። እንዲያውም ስለ ነርቭ ነግሮ ያስፈረመ ሐኪም ነርቩን የሚያስብ ሐኪም ነው። ክሊኒኩ ፊርማ ካልጠየቀ ያ ሊያስደስታችሁ አይገባም።

ከነርቭ ሌላ ምን ይጠብቁ? የጆሮ ታችኛው ጫፍ ይደነዝዛል፤ ጥቂቱ በወራት ይመለሳል፣ ጥቂቱ ሊቀር ይችላል። ሴቶች ታካሚዎች ይህን ስለሚጠይቁኝ ልጨምር፦ ጉትቻ ሲደረግ ስለማይሰማ መጠንቀቅ ነው። ከመንጋጋ ኋላ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ትንሽ ቱቦ ደም ለማፍሰስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል፤ ስፌቱ በሳምንት ገደማ ይወጣል። አንዳንዴ ከተረፈው እጢ ምራቅ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል፤ በመርፌ እየተቀዳ፣ በፋሻ እየተያዘ ይደርቃል። በእነዚያ ሳምንታት ሎሚና ሚጥሚጣ ቢቀንሱ ጥሩ ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ነው ብለው እንዳይከለክሏቸው፤ እንጀራ ከልክዬ አላውቅም።

ከወራት በኋላ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ሳያውቁት ከመጣ ያስደነግጣል። ወጥ ቀርቦ ሲበላ ከጆሮ ፊት ያለው ቆዳ ቀልቶ ያልበዋል። ምራቅ እንዲያመነጭ ያዝዙ የነበሩ ቀጫጭን ነርቮች ሲቆረጡ መንገድ ስተው ወደ ላብ እጢ ስለሚያድጉ ነው። ፖላንዳዊቷ የነርቭ ሐኪም ሉቺያ ፍሬይ እ.ኤ.አ. በ1923 በዝርዝር ስለጻፈችበት በስሟ ይጠራል። አብዛኛው ሰው መሐረብ ይዞ ይኖረዋል። ለሚያስቸግረው የቦቶክስ መርፌ ለወራት ያደርቀዋል።

የወጣው ሥጋ በሙሉ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ናሙናውን ተሸክሞ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰቡ ስለሆነ አደራ እላለሁ፦ ሥጋው እንዳይበላሽ በሚያደርገው ፈሳሽ፣ በፎርማሊን ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በውሃ ወይም በባዶ ዕቃ የተወሰደ ሥጋ ይበላሻል፣ መልስም አይገኝለትም። ውጤቱ ሲመጣ ራስዎ ሄደው ይቀበሉ፣ ፎቶ ኮፒ አድርገው ቤት ያስቀምጡ። የመርፌ ምርመራ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ይህ ነው።

ካንሰር ሆኖ ቢገኝስ? ወንድምዎ ላይ ምልክቱን አላየሁም። በድንገት ማደግ፣ ሕመም፣ ቀዶ ጥገና ሳይደረግ ፊት መድከም፣ ቆዳ ላይ መጣበቅ፣ አንገት ላይ ሌላ እብጠት፦ እነዚህ ናቸው የሚያስጠረጥሩት። በተለይ የፊት መጣመም «ብርድ መታው» ተብሎ እንዳይታለፍ። ካንሰር ሲሆን ቀዶ ጥገናው ይሰፋል፣ የአንገት ንፍፊቶችም ሊወጡ ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜም የጨረር ሕክምና ይከተላል። ያኔም ቢሆን ከቀዶ ጥገናው በፊት በደንብ የሚሠራና በካንሰሩ ያልተበላ ነርቭ አይቆረጥም። መቆረጥ ግድ ከሆነ ከአንገት ወይም ከእግር የስሜት ነርቭ ተወስዶ ይቀጠላል። አንዱ ዓይነት፣ አዴኖይድ ሲስቲክ የሚባለው፣ ነርቭ ተከትሎ የሚሄድና ከ10 ዓመት በኋላም ሳንባ ላይ ሊታይ የሚችል ስለሆነ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው።

ስለ ሕንድ ደግሞ፦ መሬቱን አይሽጡ። ይህ ቀዶ ጥገና አገራችን ውስጥ ይሠራል። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ የአንገት በላይ ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸው ሆስፒታሎች ናቸው፤ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሞችም ይሠሩታል። ወረፋው ሊረዝም ይችላል። ስድስት ዓመት ለቆየ፣ ካንሰር ላልሆነ እብጠት ጥቂት ወር መጠበቅ አይጎዳም፤ ምልክቶቹ ካልተለወጡ ማለቴ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሲመለሱ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ «ነርቩን ፈልገው ነው የሚጀምሩት? ይህን ቀዶ ጥገና ምን ያህል ጊዜ ሠርተዋል? ዓይናቸው ባይከደን ማን ይከታተላቸዋል?» ጨዋ ሐኪም በዚህ አይቀየምም፤ እኔ ስጠየቅ ደስ ይለኛል።

ወንድምዎ መምህር ስለሆኑ ቀጠሮው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ፈተና አርመው እንደጨረሱ እንዲሆን ያስይዙ። ከንፈራቸው ቢደክም እንኳ ሐምሌና ነሐሴ አላቸው፤ መስከረም ላይ ክፍል ሲገቡ አብዛኛው ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ከመግባታቸው በፊት ባለው ቀን ደግሞ በስልክዎ ይቅረጿቸው፦ ቅንድባቸውን ሲያነሡ፣ ዓይናቸውን ጥብቅ አድርገው ሲከድኑ፣ ጥርሳቸውን ሲያሳዩ፣ ሲያፏጩ። ሰው ሁሉ ከመጀመሪያውም ቢሆን ፊቱ ትንሽ ያዘነብላል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በየወሩ እየቀረጹ ከዚያ ጋር ቢያስተያዩት ምን እንደተለወጠና ምን እየተመለሰ እንደሆነ እሳቸውም ሐኪሙም በዓይናቸው ያዩታል።